ስለቱ የት ነው? ስለ ባለ አንድ ስለት መላጫ

ስለ መላጫ የሚወራው አብዛኛው ስለ እጀታው ነው። ክብደቱ፣ አንጸባራቂነቱ፣ የተቀረጸበት ጌጥ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ያለው ግርማ። እኔ መላጫን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስለቱ እጄ ካኖረው ቦታ ንቅንቅ ይላል ወይስ አይልም? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ባለ አንድ ስለት መላጫን ከሌሎቹ አስበልጬ የምወደውም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥበት ዕድል ስላለው ነው። ዕድል ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ስለት ብቻ መኖሩ በራሱ ዋስትና አይደለም። ወፍራም ምላጭ ይዞ ስለቱን ያለ ድጋፍ አየር ላይ የሚተው መላጫ አለ፤ እንዲህ ያለው ከተራው መላጫ የባሰ ቆዳ ይልጣል።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናገር ላጥራ። መላጫ ስል መሣሪያውን፣ ምላጭ ስል በውስጡ የሚገባውን ብረት፣ ስለት ስል ደግሞ ፀጉር የሚቆርጠውን የምላጩን ጠርዝ ማለቴ ነው። ባለ ሁለት ስለት የምንለው ሁላችንም የምናውቀው ስስ ምላጭ በሁለቱም ጎኑ የተሳለ ነው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፂም አንድ ዘለላ ብዙም አይወፍርም። ባለ አንድ ስለቱ በአንድ ወገኑ ብቻ የተሳለ፣ በሌላው ወገን ጀርባ ያለው ነው። ጄም የተባለው የድሮ የአሜሪካ መላጫ ምላጭ 0.23 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ ጀርባው ላይም የታጠፈ ብረት አለው። ለፀጉር አስተካካዮች ተብሎ በጃፓን የሚሠራው የፌዘር ኩባንያ ምላጭ ደግሞ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ጥሩ ባለ አንድ ስለት መላጫዎች የሚቀበሉት ይህን የኋለኛውን ነው፤ የእኔም እንዲሁ።

ልዩነቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። አንድ ስስ ብረት ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እምቢታው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነው ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር፣ ሌላው ነገር እኩል ከሆነ፣ ከ15 እጥፍ በላይ ግትር ነው። የስሱ ምላጭ ሠሪዎች ይህን ጉድለት የሚያካክሱት ምላጩን ከላይ በሚጫነው ክዳንና ከሥር በሚደግፈው መቀመጫ መካከል አጉብጠው በማሰር ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት በአንድ ጫፉ ሲይዙት ይዘፈዘፋል፣ ትንሽ ሲያጎብጡት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዘዴው ያው ነው። ግሩም ዘዴ ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ምላጩ መጉበጥ ስላለበት ክዳኑ የግድ ጉብ ያለ ይሆናል፣ መቀመጫውም ያንኑ ጉብታ መከተል አለበት፣ በአንዱ ወገን የተደረገው ሁሉ በሌላውም ወገን መደገም አለበት። ንድፍ አውጪው በሁለት በኩል ታስሯል ማለት ነው። ባለ አንድ ስለቱ ከሁለቱም ማሰሪያ ነጻ ነው። ምላጩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ የመላጫው ጀርባ የፈለገውን ቅርጽ ይይዛል።

የሚገርመው ይህ ነጻነት አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው። ባለ አንድ ስለቱ ከባለ ሁለት ስለቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1847 ዊልያም ሳሙኤል ሄንሰን የተባለ እንግሊዛዊ እጀታው ከምላጩ ጋር ቀጤ ነክ የሆነ፣ ጥርስ ያለው መከታ ከስለቱ ፊት የቆመለት መላጫ የፈጠራ መብት አወጣ። እስከዚያ ድረስ መላጫ ማለት እንደ ሰንጢ የሚዘረጋው ነበር። ሄንሰን ያደረገው እጀታውን ማዞር ብቻ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ትልቁ ሐሳብ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እጅ ስለቱን የሚያዘነብልበትን ስሜት ከጣቶች አውጥቶ ለእጀታው ርዝመት ሰጠው። እጀታው ጫፍ ላይ የሚደረግ ሰፊ እንቅስቃሴ ስለቱ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይሆናል። ሰውየው በእንፋሎት የሚበር አውሮፕላን ለመሥራት ከተነሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ መሆኑ አያስገርመኝም፤ ስለ ማዘንበል ማሰብ ልማዱ ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1880 የካምፕፌ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ውስጥ ስታር የተባለውን መላጫ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ከሚዘረጋው ምላጭ የተቆረጠ የሚመስል አጭር ወፍራም ምላጭ፣ ከፊቱ መከታ፣ ከሥሩ አረፋ የሚሰበስብ ሳጥን ነበረው። ችግሩ ምላጩ በየጊዜው በቆዳ ቀበቶ ላይ መሳል ነበረበት። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ያመለከተበት የፈጠራ መብት በ1904 ጸደቀለት። ሐሳቡ ተስሎ የማያልቅ ምላጭ ሳይሆን ሲደንዝ የሚጣል ስስ ምላጭ ነበር። በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ዓለምን ሸፈነው። ስስነቱና ሁለት ስለት መያዙ ለመላጨት የተሻለ ስለሆነ የመጣ አይደለም፤ ከትንሽ ብረት ብዙ ስለት ለማውጣት የተሻለ ስለሆነ ነው። ይህን ማወቅ ግምገማዬን ቀይሮታል። ባለ ሁለት ስለቱን የመላጫ ንድፍ ፍጻሜ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ የማየው ለአንድ የማምረት ችግር የተሰጠ ብልህ መልስ አድርጌ ነው።

ባለ አንድ ስለቱ ግን አልሞተም። ጄም፣ ኤቨር ሬዲና ስታር በመጨረሻ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉና ለአሥርተ ዓመታት ተሸጡ። ሄንሪ ጋይስማን ምላጩ ሳይወጣ እዚያው መላጫው ውስጥ እንዳለ በቆዳ ቀበቶ የሚሳልበትን አውቶስትሮፕ ሠራ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1930 ከጂሌት ጋር ተዋሐደ። ጃኮብ ሺክ የተባለው የቀድሞ የጦር መኮንን ደግሞ ምላጮችን እንደ ጥይት በካዝና ደርድሮ አንዱን በአንዱ እየገፋ ወደ መላጫው የሚያስገባ ዘዴ በ1920ዎቹ አመጣ። በዚህ ዘዴ አሮጌው ምላጭ ሲወጣ አዲሱ ይገባል፣ ጣት ስለት አይነካም። ምላጭ መቀየር ላይ ከዚህ የተሻለ አሠራር እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ያስቆጫልም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስና፣ ስለቱ ለምን ንቅንቅ ማለት የለበትም? መልሱ ፀጉሩ ጋ ነው። ደረቅ የፂም ፀጉር እንደሚታሰበው ደካማ አይደለም፤ ውፍረቱ እኩል ከሆነ የመዳብ ሽቦ ጋር ሲያነጻጽሩት ኖረዋል። ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሞቅ ያለ ውሃ ካገኘ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም ለስላሳ ፀጉርም ቢሆን ስለት ሲገፋው መጀመሪያ ይጎነበሳል፣ ከዚያ ይቆረጣል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ይህን ቅጽበት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቷል። ከፀጉር 50 እጥፍ ገደማ የሚጠነክር ብረት ለምን በፀጉር ይደንዛል የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ያገኙት ስለቱ ቀስ በቀስ እየተፈገፈገ ሳይሆን ትንንሽ ስባሪ እየወጣለት እንደሚያልቅ ነው። ስባሪው የሚወጣው ፀጉሩ ሲጎነበስ፣ ስለቱ ፀጉሩን በጎን ሲያገኘውና የብረቱ ውስጠ ቅንጣት እዚያ ቦታ ላይ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ሐሳብ ጨምሬ የማየው እንዲህ ነው። ፀጉሩ መጎንበሱ አይቀርም፤ ስለቱም አብሮ የሚጎነበስ ከሆነ ሁለት የሚወዛወዙ ነገሮች ተገናኙ ማለት ነው። ስለቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ፀጉሩ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ፀጉር ሲያገኝ እንደገና። እጅ ላይ ይህ እንደ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ይሰማል፣ ቆዳ ላይ እንደ መንጨት። ስለቱ ከመቀመጫው በላይ ምን ያህል ያለ ድጋፍ እንደሚወጣ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወፍራም ምላጭ የገዛ ሰው ግትርነት ገዛሁ ብሎ ያስባል፤ ክዳኑ ምላጩን የሚጫነው ከጀርባው አጠገብ ከሆነና ስለቱ ርቆ ከተዘረጋ ግን ያገኘው ግትርነት ግማሹ ባክኗል። የእኔ መላጫ ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ይህን በማወቁ ነው። ክዳኑ ወደ ፊት ዘልቆ ምላጩን የሚጨብጠው ስለቱ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው፣ ከሥርም መቀመጫው እስከዚያው ድረስ ተከትሎ ይደግፈዋል። ጥፍሬን ከጎን አስጠግቼ ስጫነው ምላጩ አይዘመምም። ያለ ዋጋ አይደለም፤ ክዳኑ ወደ ፊት በዘለቀ ቁጥር ስለቱን ለማየት ይከብዳል።

ሁለት ልኬቶችን አብዛኛው ሰው ያምታታል፣ እነሱን ለይቶ ማወቅ ግን ማንኛውንም መላጫ ለመገመት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ክፍተት ነው፤ በስለቱና ከፊቱ በቆመው መከታ መካከል ያለው ባዶ ቦታ። ሁለተኛው ብቅታ የምለው ነው፤ ከክዳኑ ጠርዝ እስከ መከታው ጠርዝ አንድ ቀጥተኛ መስመር በሐሳብ ብናሰምር፣ ስለቱ ከዚያ መስመር ምን ያህል ብቅ ይላል? በመስመሩ ላይ ልክ ሊያርፍ ይችላል፣ ከመስመሩ በስተ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፣ ወደ ውጭም ሊወጣ ይችላል። ቆዳ የሚያርፈው በክዳኑና በመከታው ላይ ስለሆነ ቁጡነትን ወይም ገርነትን የሚወስነው በዋናነት ብቅታው ነው። ክፍተቱ የሚወስነው ምን ያህል አረፋና የተቆረጠ ፀጉር እንደሚያልፍና ቆዳ በመካከሉ ምን ያህል እንደሚያብጥ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ሆኖ ብቅታው ትንሽ የሆነ መላጫ የሦስት ቀን ፂም ሳይታፈን ያሳልፋል፣ ቆዳንም አያስቆጣም። ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ብቅታው የበዛ ደግሞ በሁለት ምት አረፋ ይዘጋዋል፣ ይቆርጣልም። የልዩነቱ መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን እንኳ ፊት ያውቀዋል። የእኔው ስለቱን ከመስመሩ ጥቂት ያወጣዋል፣ ክፍተቱም ለጋስ ነው። ገር አልለውም፤ ታማኝ ነው።

ይህ ታማኝነት የሚጎድልበት አንድ ቦታ አለ፣ የምላጩ አቀማመጥ። የኔ ዓይነቱ መላጫ ምላጩን የሚያስተካክለው ፒን ላይ በማስቀመጥ ነው። ቀዳዳው ከፒኑ ትንሽ ስለሚሰፋ ምላጩ ከመታሰሩ በፊት ለጥቂት ይንሸራተታል፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ሊታሰርም ይችላል። ያኔ የግራው ብቅታና የቀኙ ብቅታ ይለያያሉ፣ ጉንጭ ላይ ጸጥ ያለው መላጫ አንገት ላይ ይጭራል። እጀታውን ከማጥበቄ በፊት ክዳኑን በአውራ ጣቴ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍቼ መያዝ ግድ ይለኛል፣ ከዚያም ከፊት ለፊት ብርሃን ላይ አድርጌ የስለቱን መስመር ከመከታው ጋር አስተያያለሁ። ያረጁት የጄምና የሺክ ዓይነት መላጫዎች እዚህ ላይ ይበልጣሉ። እነሱ ምላጩን ከኋላ በስፕሪንግ እየገፉ ከፊት ባሉት ሁለት ትንንሽ ማቆሚያዎች ላይ ያሳርፉታል፤ ማቆሚያዎቹ የሚነኩት ራሱን የስለቱን ጫፍና ጫፍ ነው። ስለዚህ የምላጩ ስፋት በአንድ ፀጉር ቢለያይም ስለቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይገኛል። ልኩ የሚነሣው ከስለቱ እንጂ ከጀርባው ወይም ከቀዳዳው አይደለም። መቶ ዓመት ያለፈው ሐሳብ በኮምፒውተር ከሚመራ የብረት መቅረጫ ከወጣው የበለጠ ትክክል መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የዛሬዎቹ ንድፍ አውጪዎችም ደግመው ቢያዩት እወዳለሁ።

ስለ ብረቱ ባጭሩ። ርካሹ መላጫ ከዚንክ ቅይጥ ይቀለጥና በክሮም ይለበጣል፤ ልባሱ አንድ ቦታ እስኪላጥ ድረስ ያምራል፣ ከተላጠ በኋላ ውሃ ሥሩን ይበላዋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም፤ ቲታኒየም 4.5፤ የማይዝግ ብረት ወደ 8፤ ናስ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። የእኔው የማይዝግ ብረት ነው። ብዙ ሰው ክብደት ራሱ ይላጭልሃል ይላል። በግማሽ እስማማለሁ፤ ክብደቱ ምላጩን በያዘው የመላጫው ራስ ላይ ሲሆን ያግዛል፣ እጀታው ግርጌ ላይ ሲሆን ግን የመላጫውን ራስ ከፊት ላይ ያነሣዋል፣ እጅም ሳያውቀው መጫን ይጀምራል። ጣቴን ከመላጫው ራስ ዝቅ ብሎ አንገቱ አጠገብ አድርጌ መላጫውን ሳንጠለጥለው ሚዛኑን ከጠበቀ ይበቃኛል። እጀታው ላይ የተቀረጸው ሻካራነት እርጥብና ሳሙና የነካው ጣት እንዳያንሸራትት ነው፣ ለጌጥ አይደለም፤ ጥልቅ ሆኖ ጠርዙ ያልሰላ ይሻላል።

አሁን ወደ አያያዙ። መላጫውን ገና ለያዘ ሰው የምሰጠው መመሪያ አንድ ነው፤ ከክዳኑ ጀምር። ክዳኑን ጉንጭህ ላይ ጠፍጣፋ አድርገህ አሳርፈው፣ እጀታው ከፊትህ ርቆ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይቁም። በዚህ አቋም ስለቱ ቆዳውን አይነካም። ከዚያ መላጫውን በቀስታ እየሳብህ እጀታውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው። አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ይመጣል፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ የመከርከም ድምፅ። ቦታው እሱ ነው። ከዚያ በላይ ዝቅ ብታደርገው ድምፁ ይጎረንናል፣ ስለቱ መቁረጡን ትቶ መፋቅ ይጀምራል። በስለቱና በቆዳው መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው ይባላል፣ ነገር ግን ፊቱ ላይ ዲግሪ የሚለካ ሰው የለም። የሚለካው በጆሮ ነው። ወፍራም ምላጭ ከስሱ የበለጠ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለቱ ስለማይወዛወዝ ድምፁ ሳይበተን በብረቱ አልፎ ይመጣል። የጥሩ ባለ አንድ ስለት መላጫ ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል። ስለቱ የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ ይነግርሃል፣ ቆዳህ ቆስሎ ከመናገሩ በፊት።

ምላጩን የያዘው ራሳቸው እጀታው ላይ የሚወዛወዝ መላጫዎችን የማልወደውም ለዚህ ነው። ራሱ በራሱ ማዕዘኑን የሚፈልግ መላጫ እጅን ከሥራው ያሰናብታል። ለሚቸኩል ሰው ይጠቅማል፣ አልክድም። ነገር ግን አንገት ላይ፣ ቆዳው በሚጎደጉድበት ቦታ፣ የመላጫው ራስ የመረጠው ማዕዘን ከትክክለኛው ይለያል፣ እጅም ለማስተካከል ሥልጣን የለውም።

ፊት ጠፍጣፋ አይደለምና ምት አጭር ይሁን። ጉንጭ ላይ ሰፊው ምላጭ ያስደስታል፤ የአስተካካዮቹ ምላጭ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም በጥቂት ምት ጉንጩ ይጸዳል። አገጭ ላይ ያው ስፋት ችግር ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለ መስመር ክብ ነገር ላይ የሚያርፈው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይወድቃል። እዚያ ምቱን የሁለት ጣት ስፋት ያህል አሳጥራለሁ፣ በሌላው እጄ ቆዳውን ወደ ጉንጭ ስቤ ጠፍጣፋ አደርገዋለሁ። አንገት ላይ የፀጉሩን አቅጣጫ ማወቅ ይቀድማል። የብዙ ሰው የአንገት ፀጉር ወደ ታች አይወርድም፤ በጎን ይተኛል፣ አንዳንዱ ጋ ይዞራል። በደረቁ በጣት ዳብሶ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ በአቅጣጫው፣ ከዚያ አረፋ ደግሞ ቀብቶ በአግድሙ። በተቃራኒው መላጨት ለእኔ አያስፈልግም፤ ግትር ስለት በሁለት ዙር በቂ ቅርበት ይሰጣል፣ ሦስተኛው ዙር ከፀጉር ይልቅ ቆዳ ነው የሚወስደው።

አንድ ነገር ፈጽሞ አይደረግም። መላጫውን ወደ ታች እየሳቡ ወደ ጎን ማንሸራተት። ሽንኩርት የሚቆርጥ ቢላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ እንዴት እንደሚሰምጥ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። መከታው ስለትን የሚከለክለው ምቱ ከስለቱ ጋር ቀጥ ሲል ብቻ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ መከታ የለም።

ጠጉራችን የተጠቀለለ ሰዎች ይህን መሣሪያ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እዘገያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ጂሌት ትራክ ቱ የተባለውን ሁለት ምላጭ የተደራረበበት መላጫ አወጣ፤ በ1998 ሦስት ሆኑ፣ በ2006 አምስት ደረሱ። የመደራረቡ ሐሳብ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ሲጎትተው የኋለኛው ወደ ቦታው ሳይመለስ እንዲቆርጠው ነው። የተጎተተው ፀጉር ከቆዳ በታች ተቆርጦ ይመለሳል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ወጥቶ ይበቅላል። የተጠቀለለ ከሆነ ግን የሰላ ጫፍ ይዞ ሲበቅል ገና ሳይወጣ የራሱን ቀዳዳ ግድግዳ ሊወጋ ይችላል፤ ቢወጣም ተጠማዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አካል ይህን እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል፤ አገጭ ሥርና አንገት ላይ የሚፈነዳው ጠንካራ ብጉር፣ ከዚያም የሚቀረው ጥቁር ጠባሳ ከዚህ ይመጣል። ሰው ንጽሕና ስለ ጎደለው ወይም ቆዳው መጥፎ ስለሆነ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ የፀጉሩ ቅርጽና የቆረጠው መሣሪያ ያለመስማማት ነው። አንድ ስለት ፀጉሩን ሳይጎትት ከቆዳው እኩል ይቆርጠዋል። ሐኪሞች ለዚህ ችግር ከሚመክሯቸው ነገሮች አንዱ አለመላጨት ወይም ጥቂት ማስረዘም ነው፤ መላጨት የግድ ለሆነበት ሰው ደግሞ በነጠላ ስለት፣ ሳይጫኑ፣ በፀጉሩ አቅጣጫ መላጨት። ቆዳን በጣም መወጠርም ፀጉሩን ከቀዳዳው ስለሚያወጣው ያንኑ ችግር ይመልሳል፤ ከላይ አገጭ ላይ ሳቡት ያልኩት እስኪደላደል ድረስ ብቻ ነው።

የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ድካም ሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ ከአፍንጫ ሥር። ክዳኑ ምላጩን አጥብቆ ለመያዝ ወፍራም መሆን ስላለበት በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ጠባብ ቦታ አይበቃውም፣ የመጨረሻው የፀጉር መስመር ይቀራል። አፍንጫን በጣት ወደ ላይና ወደ ጎን ገፍቶ ከጎን መግባት ያቃልለዋል፣ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሁለተኛው መታጠብ ነው። ባለ ሁለት ስለቱን አንዱ ወገን ሲሞላ ገልብጦ መቀጠል ይቻላል፣ ይህን ግን በየሁለት ሦስት ምቱ ውሃ ማሳየት ነው። እኔን አይከብደኝም፤ ችኩል ሰው ግን ይሰለቸዋል። ሦስተኛው ምላጭ ማግኘት ነው። ስሱ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ የማይገኝበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፣ ወፍራሙ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ከስሱ የበለጠ ብዙ ጊዜ ማገልገሉ ጥቂት ያካክሳል። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን አይተው ስሱን ምላጭ ለሁለት ሰብረው የሚያስገቡበት ባለ አንድ ስለት መላጫ ሠርተዋል። ሐሳቡ ለኪስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ስለትን ባለ አንድ ስለት ያደረገው ውፍረቱ ስለሆነ የተገኘው ቅርጹ ብቻ ነው።

ምላጩ ራሱ ክሮም ቢኖረውም ጠንካራ እንዲሆን ካርቦን ስላለበት ከመላጫው አካል ይልቅ ለዝገት ይቀርባል። ከተላጩ በኋላ አራግፎ ማድረቅ እንጂ ስለቱን በፎጣ መጥረግ አያስፈልግም፣ ጥርጊያው ከፀጉሩ በላይ ስለቱን ይጎዳዋል። ያለቀው ምላጭ ክዳኑ በማይከፈት ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀም፤ ቆሻሻ የሚያነሡ ሰዎች እጅ ላይ እንዳይደርስ።

ከሠሪዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ክፍተቱንና ብቅታውን በሚሊ ሜትር ጽፈው ይሽጡ። ገር፣ መካከለኛ፣ ቁጡ የሚሉት ቃላት ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትርጉም የላቸውም፤ ጫማ በቁጥር እንጂ በቅጽል አይሸጥም። ሁለተኛ፣ የአስተካካዮቹን ወፍራም ምላጭ ከፒን አውርደው እንደ ድሮዎቹ ከፊት ማቆሚያ ላይ ያሳርፉት፣ ከኋላ በስፕሪንግ እየገፉ። ክዳኑም ከኋላው ጥግ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢቀነስለት ምላጩን የሚይዝበት ጉልበት አይቀንስም፣ ከአፍንጫ ሥር ግን ይገባል።